የፊት ሳይት ለደበዘዘበት ተኳሽ፦ በናስትሮ የሚሰራ ቀዳዳ መነጽር፣ ችግሩና መፍትሄው

ይሄ በክፍት ሳይት (ቴሌስኮፕ በሌለው ማነጣጠሪያ) የወረቀት ዒላማ ለሚተኩሱ፣ ከአርባ በላይ ሆኗቸው የፊት ሳይቱ (አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ) ጭጋግ ለሆነባቸው ነው። ቀዳዳ መነጽር የምለው ትንሽ ቀዳዳ ያለው ናስትሮ ሌንሱ ላይ ተለጥፎ፣ በቀዳዳው ሲያዩ ሳይቱ የሚጠራበት ነው። መሳሪያው ባዶ መሆኑን ማየት፣ ሌንስ መጥረግ፣ አነጣጣሪ አይናችሁ የቱ እንደሆነ መለየት፣ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ ብዬ እዘላቸዋለሁ።

ሳይቱም ዒላማውም አብረው ከደበዘዙ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማንበቢያ መነጽር ነው። ፕላስ 2 ሌንስ ለጤነኛ አይን ጥርት የሚያደርገው ግማሽ ሜትር ላይ ያለውን ነው፣ እጅ ተዘርግቶ የተያዘ ሽጉጥ የፊት ሳይቱ ደግሞ ከዛ ይርቃል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ታጣላችሁ። መነጽር ሰሪው ጋ ሄዳችሁ "የሩቅ ቁጥሬ ላይ 0.50 ወይ 0.75 ጨምርልኝ" በሉት፣ ሌንሱም ፖሊካርቦኔት (ፍንጣሪ የሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ) ይሁን። ከሱቅ አንስታችሁ የገዛችሁት የማንበቢያ መነጽር ፍንጣሪ አይችልም፣ እሱን አድርጎ መተኮስ በአይን መቆመር ነው!! ፕሮግረሲቭ (ሩቅም ቅርብም በአንድ ሌንስ የሚያሳይ) የምታደርጉ ደግሞ ቅርብ የሚያሳየው ክፍል ታች ስለሆነ አገጫችሁን ሽቅብ ትሰቅላላችሁ፣ ለተኩስ ለብቻው አንድ ቁጥር ያለው አሰሩ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሁሌ የማየው። ሰውዬው ቀዳዳውን ሰርቶ ለጥፏል፣ ቤት ውስጥ ሲያይበት ጥርት ይላል፣ የተኩስ መስመር ላይ ሲቆም ግን ግማሹ ጨለማ፣ በጎን ጨረቃ የመሰለ ጥላ ይገባበታል፣ አንገቱ ይደክማል፣ ጥይቱ ይበተናል። ምክንያቱ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ነው። መስታወት ፊት ቀጥ ብላችሁ ስትለጥፉ ቀዳዳው ሌንሱ መሃል ላይ ይሆናል፣ ስትተኩሱ ግን አይናችሁ በሌንሱ መሃል አያይም። ተኝቶ በጠመንጃ የሚተኩስ ሰው የሚያየው በላይኛው በአፍንጫ በኩል ባለው ጥግ ነው፣ ወደ ጎን ዞሮ በሽጉጥ የሚተኩስ ደግሞ የሚያይበት ቦታ ወደ ጎን ይሸሽበታል። ቀዳዳው እናንተን ካልተከተለ እናንተ በአንገታችሁ እሱን ትከተላላችሁ፣ አንገት ሲጣመም ትከሻ ይጣመማል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

አንድ የማውቃቸው ጋሼ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ጥይት ቀያየሩ፣ ከዛ አፈሙዙ አልቋል ብለው ጠመንጃውን ሊሸጡት ነበር። "ጋሼ፣ እስኪ እንደሚተኩሱ ሆነው ይተኙልኝ" ብዬ ጎን ሆኜ ሳይ አንገታቸው ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ናስትሮውን አንስተን ወደ ቅንድባቸው ጠጋ አድርገን ለጠፍነው፣ በዛው ቀን፣ በዛው ጠመንጃ፣ በዛው ጥይት ምታቸው ተሰበሰበላቸው። ሌላዋ እትዬ ደግሞ የእህታቸው ልጅ በማስመሪያ ለክቶ በጣም ቆንጆ አድርጎ ሌንሱ መሃል ላይ ለጥፎላቸው ነበር፣ ልጁ ለፍቷል፣ ግን የሚለካው ከሌንሱ ጠርዝ ሳይሆን ከአቋማቸው ነበር።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ጣት ጥፍር የሚያህል ናስትሮ መጀመሪያ ብሱት፣ ከሌንሱ ውጪ በኩል ሳትጫኑ ለጥፉ። መሳሪያው ባዶ ሆኖ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው፣ እንደምትተኩሱት ሁኑ፣ አይናችሁን ጨፍኑ፣ ተንፍሱ፣ ክፈቱ። ሳይቱ ያለ ምንም የጭንቅላት እንቅስቃሴ ቀዳዳው መሃል ካልመጣ ናስትሮውን አንቀሳቅሱት እንጂ ጭንቅላታችሁን አታንቀሳቅሱ። ደጋግሙት። ሲስተካከል ዙሪያውን በማይጠፋ ማርከር አስምሩበት፣ ርካሹ ናስትሮ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ቀልጦ ይንሸራተታል። መነጽሩ በላብ ከአፍንጫ የሚወርድ ከሆነም ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፣ ከኋላ በገመድ እሰሩት፣ የላላ ብሎን ካለው አጥብቁት።

ቀዳዳውን በሚስማር የምትበሱ እባካችሁ ተዉ። ጠርዙ ይቦጫጨቅና ሳይቱ ጸጉር ያበቀለ ይመስላል። ናስትሮውን እንጨት ላይ ለጥፋችሁ ቀጭን የድሪል ጫፍ በእጅ እያዞራችሁ ብሱት፣ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይበቃል። ባነሰ ቁጥር ይጠራል ብሎ ማጥበብ ስህተት ነው፣ ከ1 ሚሊሜትር ሲያንስ ይጨልማል፣ ብርሃኑም ራሱ ጠርዙ ላይ እየተበተነ መልሶ ያደበዝዘዋል። መብራቱ ደካማ የሆነ ቤት ውስጥ የምትተኩሱ ትንሽ አስፉት።

ሌላኛው አይን ከረበሸ፦ ጥቁር አትለጥፉበት፣ አንዱ አይን ሲጨልም የሌላውም ብሌን አብሮ ይሰፋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ደብዛዛ ስኮች ይበቃል። ውድድር የምትገቡ በአይኤስኤስኤፍ (ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን) ደንብ የዚህ መሸፈኛ ስፋቱ ከ30 ሚሊሜትር አይበልጥም።

ሌንሱ ጉም ከያዘ፦ መነጽሩን ከፊት ትንሽ አርቁት።

በቀዳዳው ውስጥ ክር ክር ወይ ነጠብጣብ ቢንሳፈፍ አትደንግጡ፣ ድሮም አይናችሁ ውስጥ የነበረ ነው፣ ጠባብ ቀዳዳ ያጎላዋል። ግን ድንገት ከበዛ፣ ብልጭታ ካለው ወይ ከጎን መጋረጃ የሚወርድ ከመሰላችሁ በዛው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የአይን መጋረጃ መላቀቅ ሊሆን ይችላል!

በቀዳዳው ስታዩ ምንም ካልጠራ ደግሞ ናስትሮ መቀያየሩን አቁሙ። የአይን ሐኪሞች ራሳቸው በቀዳዳ የሚመረምሩት ለዚህ ነው፦ ከጠራ ችግሩ መነጽር የሚያስተካክለው ነው፣ ካልጠራ ሞራ ወይ የጀርባው የአይን ክፍል ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ስኳር ያለባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ። እስክትታዩ ድረስም ዒላማውንና ከኋላው ያለውን በደንብ ካልለያችሁ አትተኩሱ።

ከመስመር ስትወጡ ቀዳዳ ያለውን አውልቁና ሌላ መከላከያ መነጽር አድርጉ፣ በቀዳዳ እያዩ በሰው መሃል መሄድ አይቻልም።