ለጭንቀትም ሪፈር ያዙ

እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ሆድ ከባሰው፣ ሰው ማየት ካስጠላ፣ አዲስ አበባ ለመሄድ ብር ማሰባሰብ አትጀምሩ። ጎጃም ውስጥም ሐኪም አለ። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ባሉት ሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ዘዴው ከታች መጀመር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይታችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ግን ከኪሳችሁ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ "ወረቀቱስ?" ተባልኩ። የመድን መታወቂያው በእጄ ነበር፤ ለካ የዓመቱ እድሳት አልተደረገለትም። ሁለት ጥፋት በአንድ ጠዋት! ከመነሳታችሁ በፊት ገልጣችሁ እዩት።

ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም ሳይደብቅ ይንገር። የድብርት መድኃኒት እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ግን በአምስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል። የሚያቃልላችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌላ እንዲያያችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ለዕድሩ ሁሉ ማውራት አያስፈልግም። ከማኅበር ወይ ከሰንበቴ ወሬ የማያወጣ አንድ ሰው ይበቃል። የቀጠሮ ቀን አብሯችሁ የሚሄድ፣ ቡና ሲፈላ የሚጠራችሁ።

ራሴን ላጥፋ የሚል ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።