የሊንከንን ፊርማ ከመግዛታችሁ በፊት

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፖለቲከኞችን ፊርማ መሰብሰብ ለጀመራችሁ፣ በተለይ እዚህ ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ አካባቢ ላላችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ገንዘባችሁን ለፍታችሁ ነው ያገኛችሁት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

መጀመሪያ የመሬት ሰነድ። በዚህ ስህተት በቃ ተንገሽግሻለሁ። አንዱ ፎቶ ይልክልኛል፦ ሰፊ ሰነድ፣ ጥግ ላይ ማኅተም፣ ከታች «አብርሃም ሊንከን» የሚል ስም፣ አዮዋ ውስጥ ለአንድ ገበሬ የተሰጠ መሬት። ሻጩ «ሊንከን የፈረመበት» ብሎ በብዙ ሺህ ዶላር ሸጦለታል። ሊንከን አልፈረመበትም! ፕሬዚዳንቶች የመሬት ሰነድ በገዛ እጃቸው ይፈርሙ የነበረው እስከ አንድሪው ጃክሰን ዘመን ነው። የመንግሥት መሬት የሚገዛው ሰው በዝቶ ያልተፈረመ ሰነድ ሲከመር፣ ኮንግረስ በ1833 ሕግ አወጣና የፕሬዚዳንቱን ስም የሚፈርም ጸሐፊ ተመደበ። ከዚያ በኋላ የቫን ቡረን በሉት የፖልክ፣ የሊንከን በሉት የግራንት፣ የመሬት ሰነዱ ላይ ያለው ስም የጸሐፊ እጅ ነው። ደግሞ ማንም አልደበቀውም። ከፕሬዚዳንቱ ስም ሥር ሌላ ስም አለ፣ ከጎኑም ጸሐፊ መሆኑ ተጽፏል። በጆን ታይለር ጊዜ የገዛ ልጁ ሮበርት ታይለር ይፈርም ነበር። እስቲ አንድ መስመር ዝቅ ብላችሁ አንብቡ! ሰነዱ ሐሰተኛ አይደለም፣ እውነተኛ የመንግሥት ሰነድ ነው፣ ግድግዳ ላይም ያምራል፤ ዋጋው ግን የሊንከን ፊርማ ዋጋ አይደለም። በእጅ የተፈረመ የመሬት ሰነድ ከፈለጋችሁ ከ1833 በፊት ያለውን ፈልጉ። ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ከ1825 እስከ 1829 ፕሬዚዳንት ሆኖ ብራና ላይ የፈረማቸው አሁንም ገበያ ላይ ይወጣሉ፣ ከሊንከን ፊርማ ጋር ሲተያዩ ዋጋቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሌላ ሰው የፈረመላቸው ሌሎችም አሉ። ሊንከንን የተካው ፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰን እጁ ተጎድቶ ስለነበር ብዙ ሰነድ ላይ ያለው ፊርማው በማኅተም የተመታ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ፕሬዚዳንት ለነበረው ለጄፈርሰን ዴቪስ ደግሞ ሚስቱ ቫሪና ደብዳቤ ትመልስለትና በስሙ ትፈርምለት ነበር፣ እጇም የሱን ይመስላል።

የታተመ ፊርማን በእጅ እንደተጻፈ አድርጎ መግዛትም በጣም የተለመደ ነው። ብላንች ብሩስ ከባርነት ወጥቶ ሴናተር የሆነ ታላቅ ሰው ነው። በ1880ዎቹ በግምጃ ቤት ሹመቱ ምክንያት ስሙ የዶላር ኖት ላይ ወጥቷል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ኖት ላይ ስሙ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ኖቱ ቢኖራችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ፊርማው ግን የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ሊንከን በ1864 ለቦስተኗ ወይዘሮ ቢክስቢ የላከው የሐዘን ደብዳቤም እንደዚያው ነው። ዋናው የት እንደገባ አይታወቅም። በድንጋይ ማተሚያ የተባዛው ቅጂ ግን ከ1891 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል፣ አሁንም ሰዎች ከአያት ቤት አግኝተው «ዋናው እኔ ጋ ነው» እያሉ ይመጣሉ። አጉሊ መነጽር ግዙ። በብዕር የተጻፈ ከሆነ ቀለሙ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፣ መስመር መስመርን ሲያቋርጥ ይጠቁራል። የታተመው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው።

እባካችሁ አትቁረጡ። የኮንግረስ አባላት በዚያ ዘመን ቴምብር አይለጥፉም ነበር፤ ፖስታው ቀኝ ጥግ ላይ ስማቸውን ይፈርሙና በነፃ ያልፋል። ይህ መብት በ1873 ተሻረ፣ በኋላ ተመለሰ። የድሮ ሰብሳቢዎች ያቺን ጥግ በመቀስ እየቆረጡ አልበም ላይ ለጠፉ፣ የተጻፈለት ሰው፣ ከተማው፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሁሉ ጠፋ። ሙሉው ፖስታ በታሪክም በዋጋም ይበልጣል። ዛሬም «ለፍሬም እንዲመች» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ሳይ በጣም ይከፋኛል።

ቀኑን ሳያዩ መክፈልም አለ። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በ1841 ሥልጣን ላይ የቆየው አንድ ወር ብቻ ነው። የኢንዲያና ግዛት ገዢ ሳለ የፈረመው ይገኛል፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ የፈረመው ግን እጅግ ብርቅ ነው፣ በዋጋቸው መሃል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ። ይህን ስለሚያውቁ ቀን የሚፍቁ አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በ2011 ያጋለጠውን አስታውሱ። ሊንከን ለአንድ ወታደር የሰጠው ምሕረት ላይ 1864 የነበረው 1865 ተደርጎ ተገኘ። በተለወጠው ቀን ሲነበብ፣ ሊንከን ራሱ በተተኮሰበት ዕለት የፈረመው የመጨረሻ ምሕረት ይመስል ነበር። አጭበርባሪው አንዲት አኃዝ ብቻ ነው የነካው። ቀድሞ ታትሞ የወጣው የሊንከን ጽሑፎች ስብስብ ላይ ግን ትክክለኛው ዓመት ሰፍሮ ነበር፣ ያስተያየው ሰው ደረሰበት። እናንተም አስተያዩ።

ሻጩ ራሱ ያተመው ሰርተፊኬት ዋስትና አይደለም። ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ በማንኛውም ጊዜ ገንዘቤን ትመልሳለህ ወይ በሉት፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ጆሴፍ ኮዚ የተባለው አስመሳይ በአሮጌ ወረቀት ላይ የሊንከንን እጅ እየቀዳ ስንቱን አዋቂ ሸውዷል።

ስኮች አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታድርጉ፣ ፀሐይ ላይ አትስቀሉ።

በሊንከን ለመጀመር አትቸኩሉ። የሱ የመጀመሪያ ምክትል ሃኒባል ሃምሊን አለ፣ የግራንት ምክትል ስካይለር ኮልፋክስ አለ። ዋጋቸው አያስደነግጥም። ስትመርጡም «ፊርማዬን ስለጠየቅከኝ ይኸው» ከምትል ቁራጭ ካርድ ይልቅ ስለ ምርጫ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ሹመት ልመና የሚያወራ ደብዳቤ ፈልጉ፣ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን።