ቀን ቀን የሚንቀራፈፈው ኮምፒውተሬ እንዴት እንደተስተካከለ

ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለጌም ብዬ የመጀመሪያዬን ኮምፒውተር እዚሁ ድሬዳዋ ራሴ ገጣጠምኩ። ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ራይዘን 5 5600፣ ግራፊክስ ካርዱ ባለ 12 ጊጋ አርቲኤክስ 3060 ነው። ሌሊት ቀጥ ብሎ ይሠራል፤ ቀን ላይ ግን የሰርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ግማሽ ላይ ይንቀራፈፋል። ደካማ ፕሮሰሰር ገዛሁ ብዬ በጣም ተጸጽቼ ነበር።

ሙቀቱን ሳየው 90 ዲግሪ! የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ እሱ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሶፍት ቀድጄ ፊት ለፊት ያለው ፋን ጋ አስጠጋሁት። ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ወደ ውጭ ገፋው። ለካ ገልብጬ ነው ያሰርኩት! አየር የሚወጣው የፋኑን ሞተር የያዘው የፕላስቲክ መስቀል ባለበት በኩል ነው፤ ስለዚህ መስቀሉ ወደ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ መዞር አለበት። አራት ብሎን ፈትቼ አዞርኩት፣ አቧራውንም በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። አሁን በጠራራ ፀሐይም 76 አያልፍም።

በእግረ መንገዴ፣ ጥንድ ሆነው በፍጥነት እንዲሠሩ ብዬ ሁለቱን ራሞች (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ አደረግኳቸው፤ ጎን ለጎን ነበሩ።

ለድሬ ሙቀት ኬዝ የምትገዙ፣ ፊቱ ድፍን መስታወት የሆነውን ተዉት። ወንፊት ፊት ያለውን ውሰዱ።