የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ ሲል

ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ የውስጥ መንገድ በጭቃ ተለውሶ የወጣ መኪና፣ አስፋልት ሲነካ ቢጫዋ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው መዞሩን አቁሞ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ ሥርዓት) መብራት ቦግ ብትልበት አይገርምም። የሚገርመው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ኮምፒውተሩ ሄዷል» ይባልና ባለመኪናው ያገለገለ የኤቢኤስ ፓምፕ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ይላካል። ኧረ ቆይ! መጀመሪያ ጎማው ይፈታ።

በየጎማው አንድ ሴንሰር አለ። ከጎማው ጋር የሚዞር ቀለበት እያነበበ ፍጥነቱን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ፍሬን አጥብቃችሁ ስትይዙ አንዱ ጎማ ሊቆለፍ ካለ፣ ኮምፒውተሩ የዚያን ጎማ የፍሬን ዘይት ግፊት በፍጥነት ለቀቅ ያዝ ያደርጋል። መሪው እንደታዘዘ የሚቆየው በዚህ ነው። ከአንዱ ጎማ ትክክለኛ ምልክት ካጣ ግን ሥራውን ያቆምና መብራቷን ያበራል። የተለመደው ፍሬን ይይዛል። እርጥብ መንገድ ላይ ግን ጎማው ሊቆለፍ ይችላል፤ ረጋ ብላችሁ ንዱ።

ቀይዋ የፍሬን መብራትም አብራ ከበራች ነገሩ ሌላ ነው። ዳር ይዛችሁ ቁሙ። የእጅ ፍሬኑ መለቀቁንና የዘይቱን መጠን እዩ። ዘይቱ ከታችኛው መስመር ካነሰ ወይም ፔዳሉ ከላላ መኪናው በራሱ አይነዳም፣ ይጎተታል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሁለቱም መብራቶች ከበሩ ደግሞ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ሊቆለፉ ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ አይታሰብም።

ቢጫዋ ብቻ ከሆነች ከቀላሉ ጀምሩ። ቁልፉን ስትከፍቱ መብራቷ ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ይህችን እዩ። ጨርሶ ካልበራች ሆን ተብሎ ተነቅላ ሊሆን ይችላል። መብራት በመንቀል «ጠገንኩ» የሚል መካኒክ ዘንድ ሁለተኛ አትሂዱ። ከዚያ ባትሪውን አስለኩ፤ የኤቢኤስ ፊውዞችንም እዩ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ማንበብ ነው። ማንበቢያው የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ከመሪው በታች አለ። ርካሾቹ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች ብዙዎቹ የሚያነቡት ሞተሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ኤቢኤስ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኤቢኤስ ኮዶች በ«ሲ» ፊደል ይጀምራሉ። ቶዮታ ላይ ሲ0200 የቀኝ ፊት፣ ሲ0205 የግራ ፊት፣ ሲ0210 የቀኝ ኋላ፣ ሲ0215 የግራ ኋላ ሴንሰር ነው። ኮዱ ጎማውን ይጠቁማል እንጂ «ሴንሰሩን ግዛ» አይልም። ችግሩ ሽቦው፣ ቀለበቱ ወይም ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል።

አሁን ጎማው ይፈታ። ዋልካ ላይ ክሪክ ይሰምጣልና ጠንካራ ጣውላ ከስሩ አድርጉ፤ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግቡ። ጭቃውን በውኃ አጥባችሁ የሴንሰሩን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ተከተሉት። ጠጠር ይቆርጠዋል። ከማሰሪያው ሲወጣ ደግሞ ጎማው እየፋቀ ይልጠዋል። የፊቱ ሽቦ መሪ በዞረ ቁጥር ስለሚታጠፍ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል አይበቃውም። በሊድ (ሶልደር) ተበይዶ ይሸፈን፣ ካልሆነም ይቀየር። ሶኬቱን ነቅላችሁ ውኃና ዝገት እንዳለው እዩ።

ሴንሰሩን የያዘውን ብሎን ፍቱና ጫፉን ጥረጉ። ማግኔት ያለው ዓይነት የብረት ብናኝ ይሰበስባል። ዝጎ ከተጣበቀ በጠመንጃ መፍቻ አትፈልቅቁት፤ የዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጠብቁ።

ልኬት ላይ ተጠንቀቁ። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ያለው ባለ ሁለት ሽቦ ማግኔታዊ ሴንሰር በቴስተር ሲለካ ብዙውን ጊዜ 1,000 ኦም አካባቢ ያሳያል። ከወዲያኛው ጎማ ጋር አስተያዩት። አዳዲሶቹ ግን ከኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ እየተቀበሉ የሚሠሩ ናቸው። በኦም መለካት ሊያበላሻቸው ይችላል፣ ለማሽን ተዉአቸው።

መብራቷ የበራችው ጥገና ከተደረገ በኋላ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን ወደዚያ አዙሩ። ኩሽኔታ ተቀይሯል? በብዙ መኪናዎች የሚነበበው ቀለበት ኩሽኔታው ላይ ያለ ማግኔታዊ ጎን ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ጎማው እንደወትሮው ይዞራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያነብም። ከመገጠሙ በፊት ትንሽ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አስጠጉ፤ የሚስበው ጎን ወደ ሴንሰሩ ይዙር። ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ተቀይሯል? ያገለገለ ሴሚያስ ጥርሳም ቀለበት የሌለው ይገኛል፤ ኤቢኤስ ከሌለው መኪና የተፈታ ነው። ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጥርሱን ቁጠሩ። ልትቆሙ ስትሉ በዝግታ ፔዳሉ እግራችሁ ስር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ይህ መብራቷ ሳትበራም ይከሰታል።

መጠኑ የተለየ ጎማም ኮምፒውተሩን ያደናግራል። ጎሚስታው ያገኘውን አይግጠምላችሁ።

ሲያልቅ ኮዱን አጥፉ። አንዳንዱ መኪና ጥቂት ካልተነዳ መብራቷን አያጠፋም። ሰውም መኪናም በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየነዳችሁ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጉ። ኤቢኤሱ ሲገባ ፔዳሉ ይርገበገባል፣ ከኮፈን ስርም ድምፅ ይሰማል። እግራችሁን አታንሱ።

ጎማዎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ኮዱ ፓምፑን ወይም ኮምፒውተሩን ካመለከተ ያ የጓሮ ሥራ አይደለም። ፓምፑ ከተፈታ ውስጡ የሚቀረውን አየር ለማስወጣት ብዙ መኪናዎች ማሽን ይፈልጋሉ። ጋራዡ ማሽኑ እንዳለው ጠይቁ፣ ያነበባችሁትንም ኮድ ስጡ። የምትገዙት የፍሬን ዘይት በመኪናው የዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ጠርሙሱም ያልተከፈተ ይሁን።