የመኪና ታይሮድ ጫፍ በቤት እንዴት ይቀየራል

መሪው ከላላባችሁ፣ ጉድጓድ ስትነኩ ከፊት በኩል “ቋ” የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም የፊት ጎማ በአንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ታይሮዱን ጠርጥሩ። መሪውን ከፊት እግር ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ኳስ ጨርሶ ከወጣ መሪ ብታዞሩም ጎማው አይታዘዝም።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ አድርጉ። የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እንዳለ ትንሽ አላሉና በክሪክ አንሱ። ከዚያ የብረት ማቆሚያ አስገቡ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ብሎኬት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ፍርክስክስ ይላል። እባካችሁ በብሎኬት አትሞክሩት። የተፈታውን ጎማም ከመኪናው ጎን ስር አጋድሙት፤ ማቆሚያው ቢከዳ እሱ ይይዛል።

ጎማውን ከመፍታታችሁ በፊት ግን ግራና ቀኙን ይዛችሁ ወዝውዙት። ሌላ ሰው የታይሮዱን ጫፍ በጣቱ ይንካ፤ ከላላ ይታወቀዋል። ላይና ታች ይዛችሁ ስትወዘውዙ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ወይም ወደ ቦል ጆይንት (የፊት እግሩን የሚይዘው ኳስ መገጣጠሚያ) ይሄዳል።

ጥርሱ የዛገ ከሆነ ከማታው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ርጩበት። ዘንጉ ላይ ያለውን መቆለፊያ ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ብቻ አላሉ። ቀጥሎ የኳሱን ዳዶ የሚይዘውን ሽቦ በፒንሳ አውጡ። ዳዶውን ፍቱ፤ ግን ጥቂት ጥርስ ይዞ ይቆይ፣ ጫፉ በድንገት እንዳይወርድ። አሁን መዶሻ አንሱ። የምትመቱት የኳሱን ብሎን አይደለም፤ ብሎኑ የገባበትን ወፍራም የእግር ብረት ከጎኑ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ይለቃል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ጫፍ ስታወጡ ዙሩን ቁጠሩ። 18 ከሆነ 18 ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። አሮጌውንና አዲሱንም ጎን ለጎን አስተያዩ። ርዝመታቸው ከተለያየ ቆጠራው ያሳስታችኋል፤ ስለዚህ ከኳሱ መሃል እስከ መቆለፊያው ዳዶ ያለውን ርቀት አስቀድማችሁ በሜትር ለኩ።

አዲሱን በዚያው ዙር አስገቡ። ብሎኑ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ግራሶ አትቀቡት። ዳዶውን የመኪናው መጽሐፍ በሚለው ልክ አጥብቁ። የሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ በጭራሽ አታላሉ። ሽቦው አዲስ ይሁን፤ አሮጌው አንዴ ስለታጠፈ ይሰበራል። በመጨረሻ መቆለፊያውን ዳዶ አጥብቁና ጎማውን መልሱ። የኮሮላ ጎማ ዳዶ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ዙሩን በትክክል ብትቆጥሩም አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ በመሣሪያ ማስተካከል፣ ግድ ነው። ብዙ ታይሮድ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ርዝመቱን 1.5 ሚሊሜትር ይቀይራል፤ ያ ደግሞ ጎማ ለማስበላት ይበቃል። አላይመንት የሚሠራበት ድረስ በዝግታ ንዱ። መንገድ ላይ መሪው ትንሽ ዘመም ቢል አትደንግጡ፣ እዚያ ይቃናል።