የ1099-ቢ ቁጥር አልገጥም ሲላችሁ፦ ለፊውቸርስ ነጋዴዎች

ይህ አሜሪካ ሆናችሁ ፊውቸርስ (ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት የሚፈጸም የግዢና ሽያጭ ውል) ትሬድ ለምታደርጉ ነው። 1099-ቢ ብሮከሩ (ግብይቱን የሚያካሂድላችሁ ድርጅት) የዓመቱን ትርፍና ኪሳራ ጽፎ ለእናንተና ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) የሚልከው ፎርም ነው። ትርፉ 60 በመቶ እንደ ረጅም ጊዜ (ታክሱ ዝቅ ያለ)፣ 40 በመቶ እንደ አጭር ጊዜ እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ይህ ትርፍና ኪሳራ የሚጻፍበትን ፎርም 6781ንም ታውቁታላችሁ። 1099-ቢው ላይ ያለውን ዓመትና የአካውንት ቁጥሩንም አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በኋላ የሚመጣልኝ ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው። «ብሮከሩ ተሳስቷል» ይሉኛል። አንዳንዴ እውነት ነው። ችግሩ ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያለው የ1099-ቢው ቦክስ 9 ላይ ነው። ወይ ብሮከሩ አበላሽቶታል፣ ወይ ባለቤቱ በትክክል አላነበበውም።

ቦክስ 8 በዓመቱ ውስጥ የተዘጉ ውሎች ትርፍ ወይም ኪሳራ ነው። ቦክስ 9 ባለፈው ዓመት ዲሴምበር 31 ክፍት በነበሩ ውሎች ላይ የታየው ትርፍ ወይም ኪሳራ ነው። ቦክስ 10 ያው ነገር ነው፣ የዘንድሮው ዲሴምበር 31። ቦክስ 11 ውጤቱ ነው፦ 8 ሲቀነስ 9፣ ሲደመር 10። ወደ ፎርም 6781 የሚሄደው 11 ብቻ ነው።

ምልክት፦ «ያገኘሁት 4,000 ዶላር ነው፣ ታክስ የሚታሰብብኝ ግን በ10,000»

እንበልና ዲሴምበር ላይ አንድ የኤስኤንድፒ 500 (የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ኢንዴክስ) ኢ-ሚኒ ውል በ4,700 ገዛችሁ። አንድ ነጥብ 50 ዶላር ነው። ዲሴምበር 31 ዋጋው 4,820 ሆነ። ባትሸጡትም ሕጉ እንደተሸጠ ያየዋል። 120 ነጥብ በ50፣ 6,000 ዶላር። ይህ ቦክስ 10 ላይ ይጻፋል፣ የዚያ ዓመት ታክስ ይከፈልበታል። ጃንዋሪ ላይ በ4,780 ዘጋችሁት። ከመጀመሪያው ሲቆጠር ትርፉ 4,000 ነው፣ ይህ የአዲሱ ዓመት ቦክስ 8 ነው። ቦክስ 9 ላይ 6,000 መኖር አለበት። ስለዚህ ቦክስ 11 የ2,000 ኪሳራ ይሆናል። 6,000 ሲቀነስ 2,000፣ 4,000። ልክ ነው።

ቦክስ 9 ባዶ ከሆነስ? ቦክስ 11 4,000 ይላል። አምና በ6,000፣ ዘንድሮ በ4,000 ታክስ ትከፍላላችሁ። ያላገኛችሁት 6,000 ዶላር ላይ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የአምናውን ፎርም አውጡ። የአምናው ቦክስ 10 እና የዘንድሮው ቦክስ 9 አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። በምልክቱም ጭምር። ይህን ሳታዩ ብሮከር ጋ አትደውሉ።

ባዶ የሚሆነው በአብዛኛው ፖዚሽኑ (ክፍት ውሉ) ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ሲዛወር ነው። ብሮከር ቀይራችሁ ይሆናል። ወይም ብሮከሩ ራሱ ከጀርባ ሆኖ ውሎቹን የሚይዘውንና ሂሳቡን የሚያወራርደውን ክሊሪንግ ድርጅት ቀይሮ ይሆናል፤ እናንተ የምታውቁት የመግቢያ ገጹ ሲለወጥ ብቻ ነው። አዲሱ ድርጅት ዲሴምበር 31 ላይ ውሉ እሱ ጋ ስላልነበረ ቦክስ 9ን ባዶ ይተወዋል።

አንድ ደንበኛዬ ሌሊት ሌሊት ትሬድ የሚያደርግ የታክሲ ሹፌር ነው። አዲሱን ፎርም ይዞ መጣ፣ ቁጥሩ አብዷል። «አሮጌው ብሮከር ምንም አልላከልህም?» ስለው፣ «ልኮ ነበር፣ አካውንቱ ተዘግቷል ብዬ አልከፈትኩትም» አለኝ። ከፈትነው። ቦክስ 8 ዜሮ፣ ቦክስ 9 ሙሉ ቁጥሩ፣ ቦክስ 11 በኪሳራ። ሁለቱ ሲደመሩ ሂሳቡ ገጠመ። ማንም አልተሳሳተም ነበር። የተዘጋ አካውንት ፎርም ላይ ገንዘብ ይኖራል። እባካችሁ ክፈቱት።

አሮጌው ድርጅት ምንም ካልላከ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዲት እህት ብሮከሯ ተሽጦ የአሮጌው ፖርታል ተዘግቶባት ነበር። የዲሴምበር ስቴትመንቷን (የአካውንት መግለጫዋን) አውርዳ ባታስቀምጥ ኖሮ በምንም ልናስረዳ አንችልም ነበር። የዲሴምበር 31 ስቴትመንት በየዓመቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቀመጥ። ብሮከሩ ያስቀምጥልኛል አትበሉ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ለብሮከሩ የታክስ ክፍል በጽሑፍ ጻፉ። ቻት ላይ ያለው ልጅ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ጊዜያችሁን ይበላል። የአምናውን 1099-ቢ እና የዲሴምበር 31 ስቴትመንት አያይዙ። «ቦክስ 9 ይህ ቁጥር መሆን አለበት፣ የታረመ 1099-ቢ ላኩልኝ» በሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የታክስ ማስገቢያው ቀን ኤፕሪል 15 ከደረሰባችሁ በፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘም ትችላላችሁ። ልብ በሉ፣ የሚራዘመው ማስገቢያው ነው። ክፍያው አይራዘምም።

ብሮከሩ እምቢ ካለስ? የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ፎርም 6781 መስመር 1 ላይ ብሮከሩ የጻፈውን ቁጥር እንዳለ አስገቡ። ልዩነቱን መስመር 4 ላይ እንደ ማስተካከያ ጻፉ፣ ምክንያቱንም የሚያስረዳ ወረቀት አያይዙ። መስመር 1 ላይ ያለውን ቁጥር በራሳችሁ አትቀይሩ! አይአርኤስ ጋ ያለው ኮምፒውተር የሚያመሳስለው ከእሱ ጋር ነው። ካልገጠመለት ሲፒ2000 የሚባለው ደብዳቤ ይመጣል። እሱም ከመጣ አትደንግጡ፣ አትጣሉትም። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ ያንኑ ማስረጃ ይዛችሁ መልሱ።

የቦክስ 9 ሌላው ጣጣ ቅንፍ ነው። ቅንፍ ማለት ኪሳራ ነው። ቦክስ 8 (5,000)፣ ቦክስ 9 (3,000) ከሆነ ውጤቱ የ2,000 ኪሳራ ነው፤ 3,000ው አምና ተቆጥሮላችኋል። ቅንፉን ሳያዩ በእጅ የሚያስገቡ ሰዎች 8,000 ኪሳራ ያወጣሉ። ደስ ብሏቸው ይልኩታል። ያልነበረ 6,000 ዶላር ኪሳራ ነው። በእጅ የምታስገቡ ከሆነ ውጤታችሁ ከቦክስ 11 ጋር እኩል መሆኑን ሳታረጋግጡ አትላኩ። አትላኩ!

አምና ቦክስ 8ን ብቻ አስገብታችሁ ቦክስ 10ን ከተዋችሁ ደግሞ የዘንድሮው ቦክስ 9 ታክስ ያልተከፈለበትን ትርፍ ይቀንስላችኋል። የሚስተካከለው የአምናው ነው፣ በ1040-ኤክስ (ያስገባችሁትን ታክስ ማረሚያ ፎርም)። የዘንድሮውን አትነካኩ።

ሌሎች ምልክቶች

የታክስ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ትሬድ ፎርም 8949 (የአክሲዮን ሽያጭ የሚዘረዘርበት) ላይ ከደረደረው፣ የ60/40 ጥቅማችሁ ጠፍቷል። ዋሽ ሴል (በኪሳራ ሸጣችሁ ወዲያው መልሳችሁ ገዝታችኋል) ብሎ ኪሳራችሁንም ሊያግድ ይችላል። አጥፉትና ፎርም 6781 ላይ በአንድ መስመር አስገቡ።

የኤስፒኤክስ (የኤስኤንድፒ 500 ኢንዴክስ ራሱ) ኦፕሽን ከአክሲዮን ሽያጭ ጋር ተደባልቆ ከመጣ ብሮከሩ ነው የተሳሳተው፣ ይታረም። የኤስፒዋይ (ኢንዴክሱን የሚከተል፣ እንደ አክሲዮን የሚሸጥ ፈንድ) ኦፕሽን ግን ቦታው እዚያው ነው፤ የ60/40 መብት የለውም።

የገበያ ዳታ ክፍያ ቦክስ 11 ላይ አለመቀነሱ የብሮከሩ ስህተት አይደለም።

ከፕሮፕ ድርጅት (በራሱ ገንዘብ ትሬድ ከሚያስደርጋችሁ) የሚከፈላችሁ ገንዘብ የፊውቸርስ ትርፍ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ 1099-ኔክ (ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የተከፈለ ገንዘብ የሚገለጽበት ፎርም) ነው የሚመጣው። 60/40 ብላችሁ አታስገቡት።

ቦክስ 4 ላይ ቁጥር ካያችሁ ብሮከሩ 24 በመቶ ለታክስ ቆርጧል ማለት ነው። እኛ ሐበሾች ላይ ይህን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ስም ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ የመጨረሻው ስም የአያት፣ ብሮከሩ ጋ ደግሞ የአባት ሆኖ ይገኛል። ደብልዩ-9 (ስማችሁንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ለብሮከሩ የምታሳውቁበት ፎርም) በካርዱ ልክ ሞልታችሁ ላኩ። የተቆረጠውን 1040 (ዋናው የታክስ ፎርም) ላይ መስመር 25ቢ አስገቡ፣ ከታክሳችሁ ይታሰባል።

ምንም 1099-ቢ ካልመጣ ተማሪ እያላችሁ የሞላችሁት ደብልዩ-8ቤን (ለታክስ የአሜሪካ ነዋሪ አይደለሁም የሚባልበት ፎርም) እስካሁን እንዳለ እዩ። ግሪን ካርድ ከያዛችሁ እሱ አይሠራም፣ በደብልዩ-9 ቀይሩት። ፎርም አለመምጣቱ ግን ትርፉን ከማሳወቅ አያድናችሁም፤ ከስቴትመንቱ አስልታችሁ አስገቡ።

የታረመው ፎርም ካስገባችሁ በኋላ ከደረሰ 1040-ኤክስ አለ። ተመላሽ ለመጠየቅ በአጠቃላይ ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አላችሁ። እርማቱ ዓመቱን ወደ ኪሳራ ከለወጠው ደግሞ ፎርም 6781 ላይ ቦክስ ዲን ተመልከቱ፤ የፊውቸርስ ኪሳራ ወደ ኋላ 3 ዓመት ሄዶ የዚያን ጊዜ የፊውቸርስ ትርፍ ሊያካክስ ይችላል።