ከከተማ ዳር ሆነው የስኳርና የሆርሞን ሐኪም ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ለሚኖር ሰው «ስፔሻሊስት ጋር ሂድ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የታክሲው ሰልፍ ነው። አይፈረድበትም። ስኳር አንዴ ታክሞ የሚተው በሽታ አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ምልልስ አለው። ሐኪም ሲመረጥ ሙያውም መንገዱም አብረው መታየት አለባቸው።

ስም ብቻ ተከትሎ መሄድ

«እከሌ የሚባለው ዶክተር ጋ ካልሄድክ» የማይል ጎረቤት የለም። ዶክተሩ በእርግጥም ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን ቀጠሮው ከወራት በኋላ ከሆነ፣ መሄጃውም ግማሽ ቀን ከፈጀ፣ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ይቀራሉ። ስኳር ደግሞ ቀጠሮ ሲዘለል ዝም ብሎ አይጠብቅም።

የሚያዋጣው ሁለቱን ማጣመር ነው። የየጊዜው ክትትል በሠፈር ጤና ጣቢያ ወይም በቅርብ ሆስፒታል ይሁን። ለአቃቂና ለቃሊቲ ሰው ለምሳሌ ጥሩነሽ ቤጂንግ ይቀርባል። የሆርሞን ሐኪሙ ጋ ደግሞ ነገሩ ሲከብድ ወይም እሱ በወሰነው ጊዜ ይሂዱ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁት፦ «ለቅርብ ሐኪሜ ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ቢፈልጉ ይሻላል።

ታፔላ አንብቦ መግባት

«የስኳርና የሆርሞን ሕክምና» የሚል ታፔላ ያለበት ሁሉ የኢንዶክሪን ሐኪም የለበትም። የኢንዶክሪን ሐኪም ማለት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲውን ጨርሶ፣ በላዩ ላይ የሆርሞን ሰብ ስፔሻሊቲ የተማረ ነው። ለልጅ ከሆነ የሕፃናቱ ለብቻው ነው። ቁጥራቸው ገና ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹም እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። «ዶክተር፣ ሰብ ስፔሻሊቲዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ይህን ስል ሁሉም ታማሚ እነሱ ጋ ይሰለፍ ማለቴ አይደለም። ዓይነት 2 ስኳር ያለበትን አብዛኛውን ሰው ጥሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም በደንብ ይከታተለዋል። ሰብ ስፔሻሊስቱ የሚያስፈልገው ዓይነት 1 ሲሆን፣ ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ፣ ስኳር ደጋግሞ ሲወርድ፣ መድኃኒት እየተወሰደም አልወርድ ሲል ነው። እንቅርትም አለ። አንገት ላይ እብጠት ያየ ሰው በቀጥታ ቀዶ ሐኪም ጋ ይሮጣል። እንቅርት ሁሉ ቢላ አይፈልግም፤ መጀመሪያ የሆርሞን ምርመራና አልትራሳውንድ ይታያል።

ኢንሱሊን ተወግቶ በባዶ ሆድ መንገድ መጀመር

ይህ በተለይ የእኛ የዳር ሰዎች ችግር ነው። ቀጠሮው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ይወጣል። «ምርመራ አለ» ስለተባለ ቁርስ የለም። ኢንሱሊኑ ግን እንደ ልማዱ ተወግቷል፣ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን ተውጧል። ከዚያ መንገዱ ይዘጋጋል፤ ከዚያ የካርድ ሰልፍ፤ ከዚያ የላብራቶሪ ሰልፍ። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጨልማል። ስኳር ወረደ ማለት ነው። ከ70 (mg/dL) በታች ሲሆን ሳይዘገይ ጣፋጭ ነገር ይፈልጋል፤ ብሶ ራስ ሊያስት ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ቀድሞ መጠየቅ ይጠይቃል። የትኛው ምርመራ ነው ባዶ ሆድ የሚፈልገው? «ኤ ዋን ሲ» የሚባለው፣ የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ቁርስ ተበልቶም ይሠራል። ባዶ ሆድ የግድ ከሆነ የዚያን ጠዋት መድኃኒት መቼና ስንት እንደሚወስዱ ሐኪሙ ይንገርዎ። ወይም ደሙ ሠፈር ተወስዶ ውጤቱን ይዘው ይሂዱ። ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪስ አይጥፋ። «ከየት ነው የሚመጡት? በስንት ሰዓት ወጡ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ካገኙ አይልቀቁት።

ጾሙን መደበቅ

«ይቆጣኛል» ተብሎ ዝም ይባላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፤ መድኃኒቱ ግን ያው ነው። ረመዳንም እንዲሁ። የሚበጅዎ ሐኪም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቁጭ ብሎ መጠኑንና ሰዓቱን የሚያስተካክል ነው፤ ለእርስዎ ጾሙ አደገኛ ከሆነም ምክንያቱን ዘርዝሮ የሚነግርዎ። አብሽም ሆነ ሽፈራው የሚጠጡ ከሆነ ሐኪሙ ይወቅ።

ባዶ እጅ መሄድ

የቀድሞ ውጤት፣ የመድኃኒቶቹ ካርቶን፣ ቤት የተለካው ስኳር የተጻፈበት ደብተር ይያዙ። በማኅበረሰብ ጤና መድህን የሚታከሙ ከሆነ ሪፈር ወረቀቱን አይርሱ፤ አለበለዚያ ወጪው ወደ ኪስዎ ሊዞር ይችላል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን መለኪያም ያሳዩ። አንዳንዱ በሌላ አሃድ (mmol/L) ነው የሚቆጥረው፤ 7 ካለ እኛ በለመድነው (mg/dL) 126 ነው፣ በ18 ይባዛል። ደም የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ እዚህ መኖሩንም ያጣሩ።

የመድኃኒቱን ነገር ሳይጠይቁ መውጣት

የታዘዘው ኢንሱሊን በሠፈር ፋርማሲ ይገኛል? ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይገባም። የተከፈተው ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ለሚጠፋበት ኮንዶሚኒየም ይህ ትልቅ ነገር ነው። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ክኒን ለታዘዘለት ደግሞ የጠዋቱ ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቀው፤ አብረው ከሄዱ መድኃኒቱ በደንብ አይሰርግም።

እግር የማያይ ሐኪም ጋ መቆየት

ቁጥሩን አይቶ፣ ማዘዣ ጽፎ «ቀጣይ» የሚል አለ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ፣ ዓይኑና ኩላሊቱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይመረመራል። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ እናውቃለን፤ አንድ ቀን ቢያልፈው ይገባናል። ግን ዓመት ሙሉ «እስቲ ካልሲዎን ያውልቁ» ካላለ፣ እርስዎ ራስዎ ያውልቁና ያሳዩት። ያኔም ካላየ ሐኪም ይቀይሩ።